አማቼ ያዩት ቀይ ወፍ

አማቼን ካያክ በምትባል ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ ላይ ያስቀመጥኳቸው ዓይናቸውን ልፈትን ብዬ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ የሰማ ሰው ሁሉ "ምን ነካህ፣ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ይዘህ ውሃ ላይ ትወጣለህ?" እያለ ሲወቅሰኝ ከርሟል። ሐሳቡ የእኔ አልነበረም፤ የሚስቴ ነበር። እርግጥ ሚስቴ ካያክ አላለችም። እሷ ያለችው "በዘዴ እይልኝ" ነው። ዘዴውን ለእኔ ተወችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቼ ከአዲስ አበባ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ፣ እኛ ዘንድ ለሦስት ወር መጥተው ነበር። ሊመለሱ አሥር ቀን ሲቀራቸው የሚስቴ ታላቅ እህት ከአዲስ አበባ ደወለችና ስትፈራ ስትቸር አንድ ነገር ነገረቻት። አባታቸው ከመምጣታቸው በፊት መኪናቸውን ከግቢው በር ጋር ሁለት ጊዜ አጋጭተዋል። ሁለቱንም ጊዜ "በሩ ነው የተጣመመው" ብለዋል። ነገሩ የበር ብቻ ቢሆን በሩ ይጠገናል። ግን የእህትየውን የሰባት ዓመት ልጅ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው፤ እናትየው ለሥራ የምትወጣው ገና ሳይነጋ ነው። አገራቸው በገቡ በማግስቱ ያቺን ልጅ ጭነው ሊነዱ ነው ማለት ነው። ሚስቴ ይህን ከሰማች በኋላ እንቅልፍ አጣች፤ እኔም አብሬ አጣሁ፤ ስትገላበጥ የምታድረው አጠገቤ ነዋ።

እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ዳብሊን በምትባል ከተማ ያለ አንድ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አስያዘች። የመጀመሪያው ቀን አባቷ "ጉልበቴን ቆረጠመኝ" ብለው ተኙ። በሁለተኛው ቀን የጸሎት ፕሮግራም አለብኝ አሉና በሰው መኪና ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። "ዓይኔ ምን ሆነና? የሰጠኝ ጌታ ይጠብቀዋል" ነው መልሳቸው። ሬስቶራንት ሜኑ ስትሰጣቸው "አንቺ የምትበይውን እዘዢልኝ" ይላሉ። የመድኃኒት ጠርሙስ ስታሳያቸው "መነጽሬን ፎቅ ላይ ትቼዋለሁ" ይላሉ። ፊት ለፊት "አባዬ፣ አይታይዎትም እንዴ?" ብላ መጠየቅ አልሆነላትም፤ አባቷን ማሳፈር መሰላት። እኔማ ጭራሽ እንዴት አድርጌ! እሷ ግን "አንተ ወንድ ነህ፣ ለአንተ ይቀልሃል" አለችኝ። ምኑ እንደሚቀለኝ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ የሰውየው ሥራ ነው። አማቼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲፈትኑ ኖረዋል። የገዛ ወንድማቸውን ሦስት ጊዜ ጥለውታል፤ በአራተኛው ወንድምየው ተስፋ ቆርጦ ሌላ ከተማ ሄዶ አወጣ ይባላል። እንግዲህ እኔ በዘዴ እንድፈትናቸው የታዘዝኩት እንዲህ ያሉትን ሰው ነው።

እኔ በሥራ ቀን ኦክላንድ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የቀዶ ጥገና ዕቃ ሳጥብና ሳመክን የምውል ሰው ነኝ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ሲመጣ ካሜራዬን ይዤ ወደ ውጭ መውጣት እወዳለሁ፤ በዚህ ዓለም ላይ ለራሴ ብዬ የማደርገው እሱን ብቻ ነው። ከሳን ሆዜ 101 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ደቡብ፣ የእንጆሪ ማሳዎቹን አልፎ፣ የባሕሩ ውሃ በጠባብ አፍ ወደ የብስ ገብቶ የሚተኛበት ላጉን አለ። ወፉ ለጉድ ነው። ኦተር የሚባለውም እንስሳ አለ፤ ትልቅ ውሻ ያህላል፣ ጸጉራም ነው፣ በጀርባው ተንጋሎ ይንሳፈፍና ምግቡን ደረቱ ላይ አድርጎ ይበላል። እናቲቱ ልጇን ሆዷ ላይ አስተኝታ ስትንሳፈፍ ፎቶ ለማንሳት ሁለት ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን ቀንቶኝ አያውቅም። እና አሰብኩ፤ እንስሳ ከማሳየት የተሻለ የዓይን ምርመራ ከየት ይመጣል? ጣቴን እቀስራለሁ፣ "አዩት?" እላለሁ፣ ይመልሳሉ፣ አለቀ። ፎቶዬንም አነሳለሁ። እንዲህ ብዬ ነው የተነሳሁት፤ ሞኝነቴ እኮ ወሰን የለውም።

"ቅዳሜ እንስሳ እናይ ዘንድ ልውሰድዎት?" ስላቸው "አንተ ደስ ካለህ ምን ቸገረኝ" አሉ።

ፈተናውን መኪና ውስጥ ጀመርኩ። አንድ ትልቅ የመንገድ ሰሌዳ ከፊታችን ሲመጣ፣ "አባባ፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፤ ያ ሰሌዳ ስንት ቁጥር ይላል?" አልኳቸው።

"ፀሐይ ከወጋህ ፍጥነት ቀንስ" አሉ። "ዓይኑን ፀሐይ እየወጋው የሚነዳ ሰው መሪ ሊይዝ አይገባም።"

ቀነስኩ፤ ምን ላድርግ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ፣ እኔ በሃይዌይ ላይ እንደ ተለማማጅ እየተንቀረፈፍኩ፣ እሳቸው "ጎሽ፣ እንደዚህ ነው" እያሉኝ ደረስን። ሰሌዳው አልተነበበም።

ካያክ የምታከራየው ወጣት ሁለት ምርጫ እንዳለን ነገረችን። አንደኛው ጠፍጣፋ ጀልባ ነው፤ አስጎብኚ አለው፣ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሁለተኛው ካያክ ነው። ሚስቴ በቴክስት "ጀልባውን ውሰዱ፣ ፊታቸውን ታያለህ" ብላኝ ነበር። ትክክል ነበረች፤ ይህን አሁን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል። ግን ካያክ ላይ ካሜራው ከውሃው እኩል ዝቅ ይላል፤ ፎቶው ሌላ ነው የሚሆነው። ሁለት ሰው የሚይዘውን ካያክ ተከራየሁ።

"ፎቶ የሚያነሳው ማነው?" አለች ልጅቷ። "እሱ ከፊት ይቀመጥ።"

እኔ ከፊት? ለሚስቴ አባት ጀርባዬን ሰጥቼ ሦስት ሰዓት? አሜሪካ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ሰው ቤት ገብቼ አውቃለሁ፣ አለቃዬን በስሙ እጠራለሁ፤ ይሄን ግን ሰውነቴ እምቢ አለ። "አይ፣ ከፊት እሳቸው ናቸው" አልኳት። "እርግጠኛ ነህ?" አለች። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ከዚያ ደግሞ የመግባቱ ጣጣ መጣ። "አንተ ቅደም" ይላሉ። "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" እላለሁ። "ግድ የለም፣ ግባ ልጄ።" "በሞቴ ይግቡ።" ይህን ሁሉ የምንባባለው በየአንድ እግራችን ውሃ ውስጥ ቆመን ነው። ልጅቷ ካያኩን ይዛ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ታያለች። በመጨረሻ እሳቸው ገቡ፤ ከፊት፣ በክብር።

ገና ከዳር እንደራቅን የሠራሁት ሥራ ታየኝ። ከፊቴ ያለው ሚስቴ የገዛችላቸው ሰፊ ባርኔጣ ነው። ከባርኔጣው ወዲያ ያለው ሁሉ ተሸፍኗል። ካሜራውን ባነሳ ባርኔጣ፣ ብጠጋ ባርኔጣ። ፎቶውም ቀረ፣ ዓይናቸውም አይታየኝም። ለአክብሮት ብዬ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አጣሁ። ደግሞ የኋለኛው ሰው ነው የሚመራው፤ እሳቸው መቅዘፊያውን አልፎ አልፎ ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው "እየሄድን ነው፣ ጥሩ ነው" ይሉኛል። የምቀዝፈው እኔ ብቻ ነኝ።

"አባባ፣ በግራ በኩል፣ ያን ትልቅ ወፍ አዩት? ፔሊካን ነው።"

"አየሁት። ግሩም ነው።"

"ያን ነጩንስ? ጭቃው ላይ የቆመውን?"

"እሱንም አየሁት። ፈጣሪ ሥራው ብዙ ነው።"

"የባሕር አንበሶቹንስ? እዚያ እንጨቱ ላይ ተደራርበው የተኙትን?"

"አየሁ፣ አየሁ። እንዴት ደስ ይላል!"

የዕቅዴ ጉድ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ "አየሁ" ማለት መልስ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ሰው ጣቱን ቀስሮ ደስ ብሎት ሲያሳይህ አየህም አላየህም "አየሁት፣ ያምራል" ትላለህ። እኔ ራሴ የጓደኛዬን ሚስት የአልትራሳውንድ ፎቶ ይዤ "አፍንጫው ቁርጥ አባቱን" ብያለሁ፤ ያየሁት ጭጋግ ነው። እንግዲህ ይሄን ጨዋ ሰውዬ እስከ ማታ ድረስ "አዩት?" ብላቸው እስከ ማታ ድረስ "አየሁት" ሊሉኝ ነው። ዓይናቸው ደህና ቢሆንም መልሱ ያው ነው፣ ቢጠፋም ያው ነው። 

በዚህ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሚስቴ ናት። "እ? ምን አየህ?" ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ፣ "ያያሉ?" እሷ ኩፐርቲኖ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ ላይ ናት፤ እኔ በሁለት እጄ መቅዘፊያ ይዤ ባርኔጣ እያየሁ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት?

በንዴት አንድ ክፉ ነገር አደረግሁ። ምንም የሌለበትን ባዶ ውሃ እያየሁ፣ "አባባ፣ ያን ቀይ ወፍ አዩት? ከፊታችን፣ ብረቱ ላይ?" አልኳቸው። ወፍ የለም። ብረትም የለም።

ባርኔጣው ትንሽ ቀና አለና ቆየ። "አየሁት" አሉ። "እንዴት ያለ ቀለም ነው!"

አፈርኩ። ያፈርኩት በእሳቸው አይደለም፤ በራሴ ነው። የሰባ አራት ዓመት አባወራን የሌለ ወፍ አሳያቸው ጀመር? ደግሞስ ምን አወቅሁ? ምንም አላወቅሁም። አንድ ሰው ጨዋ መሆኑን አወቅሁ፤ እሱን ደግሞ ድሮም አውቀው ነበር።

ብዙም ሳንርቅ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማን። "ማነው የሚያንኳኳው?" አሉ አማቼ።

ዞር ስል ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለግኳት እናት ኦተር ነበረች። በጀርባዋ ተንጋላ ዛጎል ደረቷ ላይ ባስቀመጠችው ድንጋይ ላይ እየመታች ትሰብራለች። ልጇ አጠገቧ ይንሳፈፋል፤ ጸጉሩ ደረቅ፣ የተነፋ። ዛጎሉን በልታ ስትጨርስ በሁለት እጇ ጎትታ ሆዷ ላይ አወጣችውና ትልሰው ጀመር። ካያኩን ያከራየችን ልጅ አስቀድማ "ከእንስሳቱ ራቁ" ብላናለችና መቅዘፌን አቆምኩ። ኦተሯ ግን ውሃው ይዟት ወደ እኛ መጣች። በካያኩ በስተግራ በኩል፣ በአማቼ ክንድ ትይዩ፣ ቀስ ብላ አለፈች።

"አባባ፣ በግራዎ ናት። ልጇን አቅፋዋለች፤ ፊቱን እየላሰችው ነው። ቀስ ብለው ይዩ" አልኩ በሹክሹክታ።

ባርኔጣው ወደ ግራ አልዞረም። ፊት ለፊት ባሕሩን እያየ ቀረ። "እናት እናት ናት" አሉ።

ምን ዓይነት ሰው ናቸው፣ አንገታቸውን እንኳ አያዞሩም?  በእርግጥ የሰውየው ኩራት ይታወቃል፤ በሠርጋችን ቀን ሙሽሮቹ ስንገባ አዳራሹ ሁሉ ሲዞር እሳቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር ይባላል። እሱ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አርባ ያህል ፎቶ አነሳሁ፤ በአብዛኛው ውስጥ የባርኔጣው ጠርዝ አለ።

ስንወጣ ዳር ላይ ካለ የእንጨት ጠረጴዛ ተቀመጥን። ሚስቴ የጠቀለለችልንን ሳንድዊች ፈታሁ። ጸለዩ፣ ቆረስ አድርገው በሉ፣ እጃቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ እንደ ደግ አማች፣ "በል ያነሳሃቸውን አሳየኝ፤ ይሄን ሁሉ የደከምክበትን" አሉ።

የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩና ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ራቅ አደረጉት። መልሰው አስጠጉት።

"ተመልከታት እስቲ" አሉ። "ልጇን እንዴት አድርጋ አቅፋዋለች። ፊቱን ስትልሰው። ሥራህ ግሩም ነው ልጄ፣ አንተ እኮ ተሰጥኦ አለህ።"

ጎንበስ ብዬ አብሬያቸው ላይ ስል ስክሪኑ ጥቁር ነው። ባትሪው አልቋል፤ ካሜራው ጭራሽ አልበራም። እሳቸው ግን አውራ ጣታቸውን በጥቁሩ መስታወት ላይ ቀስ አድርገው እያሻሹ ፈገግ ብለው ያያሉ። ስልኬ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ዝም ብል ይቀላል፤ "አመሰግናለሁ አባባ" ብዬ ካሜራውን ብቀበላቸው ሁላችንም በሰላም ቤት እንገባለን፣ እሳቸውም ከጥቂት ቀን በኋላ አውሮፕላን ይሳፈራሉ፣ በማግስቱም ያቺ ልጅ ቦርሳዋን ይዛ መኪናው ውስጥ ትገባለች።

"አባባ" አልኩ።  "ካሜራው ጠፍቷል። ስክሪኑ ላይ ምንም ፎቶ አይታይም።"

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊታቸው ላይ ብቻውን ትንሽ ቆየ። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።  ከዚያ "ቀዩ ወፍስ?" አሉኝ።

"ቀይ ወፍ አልነበረም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እሱን አውቄዋለሁ። ድምፅህ ተለወጠ። እኔም ተፈታኝ ላጠምድ ስል ድምፄ እንደዚያ ይለወጥ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አየሁት አሉኝ?"

"የለም ብዬ አንተን ላሳፍርህ?" አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ቀን ዓይናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ ወደ እኔ ነበር የሚያዩት፣ ግን ከጆሮዬ ትንሽ ወደ ጎን። "እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እንዲህ ያለውን ተፈታኝ ጠዋት ነበር የምጥለው። ሰሌዳ ጠየቅኸኝ፣ ሸሸሁህ፤ እዚያው አለቀ። አንተ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ስታሳልፈኝ ዋልክ። የማያየውን ሰው አሳልፈህ ስትለቀው መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?"

ካሜራውን ወደ ራሴ ሳብኩት። 

"ያቺ የልጅ ልጄ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው" አሉ። "መብራት ጋ ስንደርስ 'አያዬ፣ ቀይ ነው' ትለኛለች። ሲለወጥ 'አረንጓዴ ሆነ' ትለኛለች። ሰው ሲሻገርም ትነግረኛለች። እኔ ነኝ ያስለመድኳት። ጨዋታ ነው ብያታለሁ። አንድም ሳትስት ያደረሰችኝ ቀን ከረሜላ እሰጣታለሁ።"

ይህን ብለው የኪስ ቦርሳቸውን አወጡ። በጣታቸው እየዳሰሱ ከመታወቂያውና ከቤተ ክርስቲያን ወረቀቱ መካከል መንጃ ፈቃዳቸውን ለዩና ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉት። "ለልጄ አንተ ንገራት። የሐኪሙም ቀጠሮ በመጀመሪያው ባዶ ቀን ይያዝልኝ።"

እሱንም እኔ! ማየቱም በእኔ፣ መናገሩም በእኔ። መንጃ ፈቃዱን ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስልኬን አወጣሁ። ሚስቴ ሦስተኛ ጊዜ "ምን አየህ?" ብላለች። ብዙ ጽፌ ደመሰስኩና "አያዩም። ሐኪሙ ጋ ደውዪ" ብቻ ብዬ ላክሁላት።

ወደ ቤት ተነሳን። የእንጆሪ ማሳዎቹን አልፈን ከተማ ስንገባ የመጀመሪያው መብራት ላይ ቆምኩ። አማቼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት እያዩ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ "ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ቀይ ነው" አልኳቸው።

ጠበቅን። ሲለወጥ "አረንጓዴ ሆነ" አልኩና ነዳሁ።